ቀጫጭኖቹ የጃፓን ዘፈኖች፦ ኮረሱ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀደዳል

ሐካታ_ማዶ — ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለቤቱ። ጃፓን፣ ፉኩኦካ ነው ያለሁት፣ ማስተርሴን እየሠራሁ። እዚህ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መሥሪያ ቤቱም ላቦራቶሪውም «ቦኔንካይ» የሚሉት ግብዣ አለው፤ ቃል በቃል «ዓመት መርሻ» እንደ ማለት ነው። እራቱ ችግር የለውም። ጣጣው ከእራት በኋላ የሚመጣው «ኒጂካይ» ነው፣ ሁለተኛው ዙር፣ ያው ካራኦኬ ቤት። አምና በጉንፋን አሳብቤ አመለጥኩ። ዘንድሮ ስሜ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። 11 ቀን ነው የቀረኝ።

የመረጥኩት ኦፊሻል ሂገ ዳንዲዝም የሚባለውን የጃፓን ባንድ «ፕሪቴንደር» ነው። ለዓመታት ጆሮዬ ውስጥ ስለኖረ ጉሮሮዬም የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። ትናንት ለብቻዬ ገብቼ ሞከርኩት። (ብቻውን ካራኦኬ የሚገባ ሰው እዚህ እንደ እብድ አይታይም፤ እንዲያውም «ሂቶካራ» የሚል ስም አለው፣ ቀን ቀን ደግሞ ርካሽ ነው።) መግቢያውን እንደ ሰው ዘፈንኩ። ኮረሱ ላይ አንገቴ ተገተረ፣ አገጬ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ከዚያ ድምፄ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ተቀደደ። እልህ ይዞኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ዛሬ ጠዋት ለጣቢያው ሠራተኛ «አሪጋቶ» ልል አፌን ስከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ዘፈኑን ልቀይር ወይስ መላ አለው?


ኦታኩ_ከጀሞ — ማክሰኞ ማታ

ኧረ በናትህ! ሳይክል ሳትለምድ ሲኖትራክ ላይ ነው የወጣኸው።

እኔ በአኒሜ (በጃፓን ካርቱን) በኩል ነው የገባሁበት። በፈረንጆቹ 2019 የሊሳ «ጉሬንጌ» ሲወጣ ቤተሰቤ እስኪማረር ዘፍኛለሁ። የሴት ዘፈን ስለሆነ አንድ ኦክቴቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ዝቅ አድርጌ እያጉረመረምኩ አልፈዋለሁ፤ መግቢያው ጉድጓድ ውስጥ ቢገባም ቢያንስ አልሞትም። ፕሪቴንደር ግን ወንድ የዘፈነው ነው። አንድ ኦክቴቭ ካወረድከው ምድር ቤት ትገባለህ፣ እንዳለ ከወሰድከው ሰማይ ነው። መሀል ላይ ደረጃ የለውም። የእነዚህ ወንዶች ዘፈን ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።


ሚድቱ_ጂ — ማክሰኞ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት

ደረጃማ አለው፤ ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን በቁጥር እንነጋገር፣ «ቀጭን ነው፣ ወፍራም ነው» እያልን አንግባባም።

ጃፓኖች የዘፈን ከፍታ ሲጽፉ የራሳቸው አጠራር አላቸው። መካከለኛውን ዶ፣ ማለትም ፒያኖው መሀል ላይ ያለውን ሲ፣ «ሚድ2ሲ» ይሉታል። ከዚያ እየወጣህ ሚድ2ዲ፣ ሚድ2ኢ… እያልክ ሚድ2ጂ ላይ ትደርሳለህ። ቀጥሎ የሚመጣው ኤ «ሃይኤ» ይባላል፤ ኦርኬስትራ የሚቃኝበት ባለ 440 ኸርዝ ድምፅ ነው። የድምፅ አውታሮችህ በሰከንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሃይሲ 523 አካባቢ ነው። ያልሠለጠነ የወንድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ሚድ2ኢ እና ሚድ2ኤፍ ሻርፕ መካከል ላይ መንገጫገጭ ይጀምራል። የፕሪቴንደር ኮረስ ደግሞ ከሃይኤ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ድምፅህ የተቀደደው ስለማትችል አይደለም፣ ሊቀደድ በሚገባው ቦታ ላይ ነው የተቀደደው።

የየዘፈኑን ጫፍ በዚህ አጠራር የዘረዘሩ የጃፓን ገጾች ሞልተዋል። ዘፈን ከመምረጥህ በፊት እየው። ከዚያ የፒያኖ አፕ አውርድና «ኣ» እያልክ የራስህን ለካ። ሁለት ቁጥር ያዝ፦ ሳትጨነቅ የምትደርስበትንና እየተጨነቅህ የምትደርስበትን። የመጀመሪያውን ብቻ እመን።


ሐካታ_ማዶ — ረቡዕ ጠዋት

ለካሁ። ሳልጨነቅ ሚድ2ኤፍ፣ ተጨንቄ ሚድ2ጂ። ሃይኤን ስሞክር የጎረቤቴ ውሻ መለሰልኝ።


እትዬ_ሶልፌጅ — ረቡዕ

ልጄ፣ መጀመሪያ ጉሮሮህን አሳርፈው። ሁለት ቀን አትዝፈን። በሹክሹክታም አታውራ፤ ሹክሹክታ እረፍት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ጉሮሮን ያደርቃል፣ ያስጨንቃልም። ውኃ ጠጣ። ጉርናናው ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው የሚታየው እንጂ መድረክ ላይ አይጠየቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፤ መዘምራን ሳሠለጥን ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጃፓንኛ አላውቅም። ዘፈኑን ግን በጻፍከው ምክንያት ፈልጌ ሰማሁት፣ ቆንጆ ነው። «አገጬ ወደ ጣሪያው ሄደ» ያልካት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ነግራኛለች።

ከፍ ያለ ድምፅ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፣ ተንጠራርተህ አታወርደውም። ክራር አስብ። ጅማቱን ስትወጥረው ድምፁ ይቀጥናል፤ በኃይል ስለመታኸው ግን ይጮኻል እንጂ አይቀጥንም። አንተ ሳትወጥር ነው የመታኸው። የድምፅ አውታሮችህ ሲረዝሙና ሲሳሱ ነው ድምፁ የሚወጣው፣ ለዚያ ደግሞ ትንፋሹ መቀነስ አለበት። አንተ ጭራሽ ጨመርክበት።

መወጠሩን እንዴት ትለምዳለህ? ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ። ብዙው ሰው ከታች እየገፋ ይወጣል፤ የወፍራሙን ድምፅ ክብደት ተሸክሞ ስለሚወጣ መንገድ ላይ ይወድቃል። በቀጭኑ ድምፅ፣ እንደ አምቡላንስ፣ «ኡ…» እያልክ ከላይ ተንሸራተህ ውረድ። ቀጭኑ ድምፅ የት እንዳለ ካልታወቀህ እናቶቻችን እልል ሲሉ የሚጠቀሙበት እሱ ነው። በዝግታ፣ በለሆሳስ፣ እልል በል። አትፈር፣ ብቻህን ነህ።

ሁለተኛው ስትሮ ነው። ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ውኃ ሙላ፣ ስትሮውን ሁለት ጣት ያህል ብቻ አጥልቀው፣ በስትሮው ውስጥ ዜማውን አንጎራጉር። ውኃው እኩል መፍላት አለበት። ኮረሱ ላይ ውኃው ፊትህ ላይ ከተረጨ ገፍተሃል ማለት ነው፤ ከቆመም ጉሮሮህን ዘግተሃል። ከእኔ ይልቅ ብርጭቆው በደንብ ያስተምርሃል። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያ ዜማውን በ«ኑ» ብቻ ዝፈነው። ቃሉን መጨረሻ ላይ ጨምር።

አሁን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ በመሆንህ ብቻ ያለህን ሀብት ልንገርህ። ከፍ ሲባል «ኣ» በሰፊው ከተከፈተ ይጮኻል፣ ይቀደዳልም። ስለዚህ ራብዑን ትንሽ ወደ ግዕዙ አስጠጋው፦ «ሳ» ስትል አፍህ ውስጥ «ሰ»ን አስብ። «ኢ» ከፍ ሲል ጉሮሮን እንደ ቀለበት ያንቃል፤ ሣልሱን ወደ ሳድሱ አስጠጋው፣ «ኪ»ን ወደ «ክ»። ሙሉ በሙሉ አትቀይረው፣ ጥላውን ብቻ። የውጭ ተማሪዎቼ እነዚህን ሁለት ድምፆች እስኪያገኙ ወር ይፈጅባቸዋል። አንተ በጡት ወተት ነው ያገኘሃቸው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ልክ መሆንህን የምታውቀው ስትዘፍን አይደለም። የማግስቱ ጠዋት ነው ዳኛው።


ሐካታ_ማዶ — ረቡዕ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስትሮ ከታች ካለው ሱቅ ገዛሁ። ሻጯ «ለአንድ ሰው 100 ስትሮ?» በሚል ዓይን አየችኝ። ከእሑድ በፊት ግን አልጀምርም፣ እንዳዘዙኝ አርፋለሁ።


ገንክዮኩ_ወይም_ሞት — ረቡዕ ማታ

ሁላችሁም ዙሪያውን ትሄዳላችሁ። ኪዩን፣ ማለትም የዘፈኑን ቶን፣ ማውረድ ልትመክሩት እንደሆነ ከሩቅ ይሸተኛል። በመርህ ደረጃ እቃወማለሁ። ካራኦኬ ማሽኑ ላይ «ገንክዮኩ ኪይ» የሚል ቁልፍ ያለው በምክንያት ነው፣ የመጀመሪያው ዘፋኝ በዘፈነበት ማለት ነው። ያ ዘፈን ጉሮሮ የሚያስጨንቅ ስሜት ያለው ጉሮሮ በሚያስጨንቅ ቦታ ስለተጻፈ ነው። አውርደኸው ስትዘፍነው የቀዘቀዘ ሽሮ ነው።


ሚድቱ_ጂ — ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ ስምህ ብቻውን ያስፈራል። ግን የፕሪቴንደር ዘፋኝ ፉጂሃራ ሳቶሺ በዚያ ኪይ የዘፈነው ለእሱ ድምፅ ስለሚስማማ ነው። እኛ አገር ባንድ ዘፋኙን «ቶኑ የት ይሁንልህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ይጀምራል? ነውር የሚሆነው አለመጠየቁ ነው።

የማሽኑ አሠራር ደግሞ ቀላል ነው። ሪሞቱ ላይ «ኪይ» የሚል አለ፣ አንድ ጊዜ ስትነካው ግማሽ ቶን ይወርዳል ወይም ይወጣል። ሐካታ፣ አንተ 4 አውርድ። በ4 ግማሽ ቶን ሃይኤ የነበረው ሚድ2ኤፍ ይሆናል፣ ማለትም ሳትጨነቅ የምትደርስበት ቦታ። ከሃይኤ በላይ ያሉትን ጥቂት ኖታዎች ደግሞ እትዬ ባሳዩህ ቀጭን ድምፅ ንካቸው። ጃፓኖች ይህን «ኡራጎኤ» ይሉታል፣ የጀርባ ድምፅ። የተለመደውን የደረት ድምፅ ደግሞ «ጂጎኤ»።

ከ4 በላይ ግን አታውርድ። መግቢያው መሬት ይነካና ድምፅህ ማይክራፎኑ ውስጥ ይጠፋል። ብዙ ሰው ኮረሱን ብቻ አስቦ 6 ያወርድና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ያንኮራፋል።


አልቶ_ነኝ — ሐሙስ

ሴት ነኝ፣ ድምፄ ግን ወፍራም ነው፤ ስልክ ሳነሳ «ወንድሜ» እባላለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁና ቅኑ። እናንተ የምትሰቃዩባቸው የጃፓን ወንዶች ዘፈኖች እኔ ላይ እንደ ልክ ልብስ ናቸው። ኪንግ ኑ የሚባለውን ባንድ «ሃኩጂትሱ» በኦሪጅናል ኪዩ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ እየጠጣሁ እዘፍነዋለሁ። ከመካከለኛው ዶ እስከ ሃይሲ ያለው ቦታ ለወንድ ሰማይ ቢሆንም ለሴት ሳሎን ነው።

ቁርጤን የማውቀው ዮአሶቢ የሚባለው ቡድን ላይ ነው። «ዮሩ ኒ ካኬሩ» በደቂቃ 130 ምት ይሮጣል፤ ቃሉ አያልቅ፣ መተንፈሻ የለ፣ መጨረሻው ኮረስ ላይ ኪዩ ይቀያየራል። አንዴ ወርዶ ሲያሳዝነኝ፣ ወዲያው ወጥቶ ይጥለኛል። ምን ይሻላል?


እትዬ_ሶልፌጅ — ሐሙስ

ልጄ፣ ትንፋሽን በእርሳስ ነው የሚያዙት። ግጥሙን በወረቀት ጻፊ፣ የምትተነፍሺበት ቦታ ላይ ሁሉ ጭረት አድርጊ፣ ሁልጊዜ እዚያው ብቻ ተንፍሺ። ትንሽ ነው የምትወስጂው፣ አንድ ጉንጭ ውኃ ያህል። ፈጣን ዘፈን ላይ ሰው የሚታፈነው አየር አጥቶ ሳይሆን የድሮውን አየር ሳያስወጣ በላዩ እየጨመረ ነው።


ሚድቱ_ጂ — ሐሙስ

አልቶ፣ የመተንፈሻው ነገር ታሪክ አለው። ካልሰለቻችሁ ልተርከው።

በነሐሴ 2007 (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) ሳፖሮ ያለ ክሪፕተን የሚባል ድርጅት ሃትሱኔ ሚኩን አወጣ። ሚኩ ሰው አይደለችም፣ ያማሃ በሠራው ቮካሎይድ በተባለ ሥርዓት የምትዘፍን ሶፍትዌር ናት። ቃልና ኖታ ትሰጣታለህ፣ ትዘፍናለች። አምራቹ ለእሷ የሚመክረው ክልል ከሚድ2ኤ እስከ ሃይኢ ነው። ዘፋኝ የማያውቁ፣ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች መኝታ ቤታቸው ቁጭ ብለው ለእሷ መጻፍ ጀመሩ፣ ኒኮኒኮ የሚባል የቪዲዮ ገጽ ላይ ለጠፉት። ሚኩ አትታፈንም፣ አትጠማም፣ ምላሷ አይተሳሰርም። ስለዚህ የፈለጉትን ያህል ቀጭን፣ የፈለጉትን ያህል ፈጣን ጻፉላት።

ከዚያ እነዚያ ልጆች አደጉ። ዘፋኙ ዮኔዙ ኬንሺ በዚያ ዘመን «ሃቺ» በሚል ስም ለቮካሎይድ ይጽፍ ነበር። የዮአሶቢ ደራሲ አያሴም ከዚያው ሰፈር ነው የመጣው። ዘፋኟ አዶ ደግሞ የቮካሎይድ ዘፈኖችን ቤቷ እየዘፈነች ከሚለጥፉት አንዷ ነበረች፤ «ኡሴኤዋ»ን ያወጣችው በጥቅምት 2020፣ 18 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀር ነው። ሳንባ ለሌላት ዘፋኝ የተለመደው አጻጻፍ ሳንባ ላላቸው ሰዎች ተረፈ። መተንፈሻ ቦታ የጠፋሽ አንቺ ሰንፈሽ አይደለም።

ሂገዳኖች፣ የፕሪቴንደር ባንድ፣ ግን ከዚያ አይደሉም፤ ሺማኔ ውስጥ የተመሠረቱ ተራ ባንድ ናቸው፣ ፒያኖ ያለው ባንድ። የወንድ ቀጭን ድምፅም ዛሬ የመጣ ፋሽን አይደለም። የሮክ ባንዱ የኤክስ ጃፓን ዘፋኝ ቶሺ በ1989 «ኩሬናይ» ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ስሙ። ኦዳ ካዙማሳ ደግሞ በ1947 የተወለደ ሰው ነው፤ በ1991 ለ«ቶኪዮ ላቭ ስቶሪ» ድራማ የዘፈነውን ዘፈን እዚያ አገር የማያውቅ የለም። እንደ ውኃ የጠራ ቀጭን ድምፅ።


ገንክዮኩ_ወይም_ሞት — ሐሙስ

ቶሺን ጠራችሁ፣ አበቃ። እሱ ኪይ አወረደ?


ሚድቱ_ጂ — ሐሙስ

የራሱ ዘፈን ነዋ! ለእሱ ድምፅ ነው የተጻፈው!


ትዝታ_ማይነር — ሐሙስ ማታ

ክሩን ላጣምመው ነው፣ ይቅርታ። ኤንካ የሚባለውን የድሮ የጃፓን ዘፈን ሰምታችሁ «ይሄ ነገር ትዝታ ነው እንዴ?» ያላችሁ የለም? ስሜት ብቻ አይደለም። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ስኬል (ቅኝት) አላቸው፤ «አራተኛና ሰባተኛ የወጣለት» ማለት ነው። ማይነሩን ከላ ጀምራችሁ ከቆጠራችሁት ላ፣ ቲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። ትዝታ ማይነርን አስቀምጡበት፣ አንድ ለአንድ። ሜጀሩም እንዲሁ። ጉሮሮ ማወዛወዙን ደግሞ «ኮቡሺ» ይሉታል፣ እኛ ቅላጼ የምንለው።

ስለዚህ ሐካታ፣ ፕሮፌሰሮችህን ማስለቀስ ከፈለግህ ኤንካ ዝፈን። ጉሮሮህ መንገዱን ያውቀዋል።


ሐካታ_ማዶ — ዓርብ

ሃሃሃ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን የላቦራቶሪው ልጆች 23፣ 24 ዓመታቸው ነው፤ ኤንካ ብጀምር አያቴ መጣ ይላሉ። ፕሪቴንደር ነው፣ ወስኛለሁ። በነገራችን ላይ ቅላጼው ችግር ሆኖብኛል። ሳላስበው ድምፄ መጨረሻ ላይ ይወዛወዛል፣ ማሽኑ ደግሞ ያየዋል።


ካታካና_በፊደል — ዓርብ

ማሽኑ ያየዋል ብቻ? ነጥብ ይሰጥበታል እንጂ። ዳም የሚባለው ማሽን ላይ «ሴይሚትሱ ሳይተን» የሚል የነጥብ አሰጣጥ አለ። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ኖታ እንደ ጭረት ይታያል፣ ያንተ ድምፅ እላዩ ላይ ይሄዳል፤ ኮቡሺ ስንት፣ ቪብራቶ (የድምፅ መርገብገብ) ስንት ብሎ ይቆጥራል። ቅላጼህን አትጣለው። ረጅም ኖታ ላይ ብቻ አውለው።

እኔ የምጨምረው ስለ ቃሉ ነው፤ አስተርጓሚ ስለሆንኩ። አብዛኞቻችን ግጥሙን በፊደል እንጽፍና ከዚያ እናነባለን። ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት ወጥመድ አለው።

አንደኛው «ትሱ» ነው። ጨረቃ «ትሱኪ» ናት። እኛ እጃችን ወደ «ጹኪ» ይሄዳል። «ጸ» ደግሞ ፈንጂ ድምፅ ነው፤ እሱን ስትል ጉሮሮህ ጥርቅም ብሎ ይዘጋና ማንቁርትህ ወደ ላይ ይዘላል። እጅህን አንገትህ ላይ አድርገህ «ጸጸት» በል፣ ሲዘል ይሰማሃል። ታዲያ ሃይኤ ልትነካ አንድ ምት ሲቀርህ ጉሮሮህን ዘግተህ ማንቁርትህን ሰቀልከው ማለት ነው። ወረቀትህ ላይ «ጹ» ካለ በሙሉ ሰርዘህ «ትሱ» በለው፣ ለስለስ አድርገህ። እኔ ይሄ ብቻውን ድምፄን አንድ ደረጃ አቅልሎታል፤ እትዬ ያርሙኝ።

ሁለተኛው የምት ነገር ነው። ጃፓንኛ በክፍለ ቃል ሳይሆን በምት ነው የሚቆጠረው። መጽሐፍ «ሆን» ነው፣ ለእኛ አንድ ጊዜ የሚባል ነገር፤ እነሱ ዘንድ ሁለት ምት ነው፦ ሆ፣ ን። «ን» የራሷ ኖታ ልታገኝ ትችላለች፣ አፍንጫህ ውስጥ ያዛት። የሚጠብቀውም እንዲሁ። «ኪቶ» ጠብቆ ሲነገር «በእርግጥ» ማለት ነው፣ መጥበቂያው ራሱ አንድ ምት ይወስዳል። ይሄ ላይ እኛ ዕድለኛ ነን፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለይ ማንም አላስተማረንም። ፈረንጅ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ነው ምት የሚስቱት።

ሦስተኛው «ስኪ» ነው፣ መውደድ። ሲያወሩ «ሱ» ትዋጣለች፣ «ስኪ» ይመስላል፣ እኛም እንደዚያው እንጽፋለን። ሲዘፈን ግን ኖታ ከተሰጣት «ሱ» ሙሉ ሆና መውጣት አለባት። በሳድስ ከያዝካት ኖታው ላይ የምትዘፍነው ድምፅ የለህም፣ ፉጨት ብቻ።


እትዬ_ሶልፌጅ — ዓርብ

አላርምህም፣ ልክ ነህ። ስለ «ጸ» ያልከውን እኔም ሳሠለጥን አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ መዘምራኑ ላይ እሞክረዋለሁ።


አልቶ_ነኝ — ቅዳሜ

የሃኩጂትሱ ዘፋኝ ኢጉቺ ሳቶሩ ቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ድምፅ ያጠና ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ? የኦፔራ ትምህርት። እኛ ደግሞ በዩቲዩብ አይተን «ተሰጥኦ ነው» እንላለን። መግቢያውን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በኡራጎኤ ነው የሚዘፍነው፣ ያለ ጩኸት። ባልደረባው ትሱኔታ ዳይኪ ወፍራሙን ይይዛል። ሐካታ፣ ለልምምድ እሱን መግቢያ ብቻ ውሰድ። ቀጭኑ ድምፅ ደካማ ድምፅ እንዳልሆነ ጆሮህ ያምናል።


ኦታኩ_ከጀሞ — ቅዳሜ

ለጀማሪ «ሌመን»ስ? የዮኔዙ፣ 2018። የደረት ድምፁ ከሃይኤ በታች ነው የሚቆመው፣ ከዚያ በላይ ያለችውን በኡራጎኤ ነው የሚነካት። እኔ ወደ ቀጫጭኖቹ የተሻገርኩት በእሱ ድልድይ ነው። ሚሰስ ግሪን አፕል የሚባለውን ባንድ ግን እንዳትነካ። ዘፋኙ ኦሞሪ ሞቶኪ ከደረት ወደ ጀርባ ድምፅ በአንድ ቃል መሀል ይዘልና ተመልሶ ይመጣል፤ እሱን ልከተል ብዬ አፌ ውስጥ ምላሴን ነክሻለሁ።


ሐካታ_ማዶ — እሑድ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጀመርኩ። ስትሮው ኮረሱ ላይ ሁለቴ ፊቴን አጠበኝ። በሦስተኛው ውኃው እኩል ፈላ።


ሐካታ_ማዶ — ረቡዕ

አራተኛ ቀን። ኪይ 4 ዝቅ። አገጬን ለመቆጣጠር መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ኮረሱ ሲመጣ አሁንም ይነሳል፣ ስለዚህ ብብት ሥር መጽሐፍ እንደሚያዝ አገጬ ሥር ጡጫዬን አደረግሁ። የሚያስቅ ነው፣ ግን ይሠራል። «ጹ» የነበሩትን ሁሉ በቀይ ሰርዣለሁ፤ ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። አንድ ነገር ገባኝ፦ ድምፄን ስቀንስ ኖታው ይመጣል። ለምን እንደሆነ ተነግሮኝ ነበር፣ ጉሮሮዬ ግን ዛሬ ነው የሰማው።


እትዬ_ሶልፌጅ — ረቡዕ

ከግብዣው በፊት ባለው ቀን አትለማመድ። በግብዣው ቢራውን ቀነስ፣ ውኃውን ጨመር። መጀመሪያም አትዝፈን፣ መጨረሻም አትዝፈን። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሁን፤ ጉሮሮህ ከሌሎቹ ጋር እያጀበ ይሞቃል፣ ግን አይደክምም። ማይክራፎኑን አናቱን አትጨብጠው። የሙዚቃው ድምፅ በጣም ከጮኸ አስቀንስ፤ ሰው የራሱን ድምፅ ካልሰማ ሳያውቀው ይገፋል።


ሐካታ_ማዶ — እሑድ

እሺ፣ ሆነ። ልንገራችሁ።

ክፍሉ ለ8 ሰው የተሠራ ነው፣ እኛ 13 ነበርን። ፕሮፌሰራችን፣ ስድሳ ያለፉ ሰው፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ያንን ሚድቱ ያለውን የኦዳ ካዙማሳ የ1991 ዘፈን አዘዙ። በገንክዮኩ ኪይ። ሰውዬው በሴሚናር ላይ ድምፃቸው የማይሰማ ናቸው። ሲዘፍኑ ግን አይገፉም፣ አገጫቸው አይነሳም፣ ቀጭን ሆኖ ዝም ብሎ ይፈስሳል። እትዬን አስታወስኳቸው።

አራተኛ ሆኜ ተነሳሁ። ሪሞቱ ላይ ኪዩን አራት ጊዜ ወደ ታች ነካሁ። መግቢያው ጥሩ፣ የመጀመሪያው ኮረስ ጥሩ፣ እንዲያውም ሁለት ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሁለተኛው ኮረስ ሊገባ ሲል አንድ በደንብ የጠጣ ሲኒየራችን ስክሪኑን አየና «ተሳስቷል!» ብሎ፣ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ ሪሞቱን አንስቶ ገንክዮኩ ኪይ የሚለውን ተጫነ።

ሙዚቃው ከእግሬ ሥር ተነስቶ ሄደ። አራት ግማሽ ቶን። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ አፌን ስከፍት የወጣው ያ የአምቡላንሱ «ኡ» ነበር፣ ቃል ለብሶ። ቀጭን፣ ክር የሚያህል፣ ግን ኖታው ላይ። አንድ ስንኝ ሙሉ ሄደ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተበጠሰ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሁሉም ተነስተው አብረው ዘፈኑልኝ። ነጥቡ 78 ነው። ፕሮፌሰሩ 91።


ገንክዮኩ_ወይም_ሞት — እሑድ

ስለዚህ በኦሪጅናል ኪይ ዘፍነሃል። ክርክሩ ተዘጋ።


ሐካታ_ማዶ — እሑድ

ለ11 ሰከንድ። ቪዲዮው ላይ ቆጥሬዋለሁ።


ሚድቱ_ጂ — እሑድ

ተቀዷል? ለጥፈዋ!


ሐካታ_ማዶ — እሑድ

በሕይወት እያለሁ አይሆንም።


እትዬ_ሶልፌጅ — እሑድ ማታ

ልጄ፣ ነጥቡን ተወው። ጠዋት ስትነሳ ድምፅህ እንዴት ነበር?


ሐካታ_ማዶ — እሑድ ማታ

ጣቢያው ላይ ያው ሠራተኛ ነበር። «አሪጋቶ» አልኩት፣ «የድምፅዎ ሕመም ተሻለዎት?» አለኝ። ተሽሎኛል አልኩት።